ሁሉን አውቃለሁ ባዩ ሥራ አስኪያጅ

አቶ ሽመክት የማስታወቂያ ድርጅት ሥራ አስኪያጅ ነበሩ። ድርጅታቸው ሰው በስልኩ የሚከፍተውን ድረ ገጽ ሁሉ በስውር እየተከታተለ ማስታወቂያ ይልክበታል። አንድ ቀን አንዲት እህል ሻጭ የስልኳን መከታተያ ዘግታ ለገበያው ሴቶች አዘጋጉን ስታሳይ ደረሱባት።

«የምትደብቂው ከሌለ ለምን ትዘጊያለሽ? እኛ እኮ ከራስሽ በላይ እናውቅሻለን፤ የሚያስፈልግሽንም እናቀርብልሻለን» አሏት፣ ገበያተኛው እየሰማ።

ሴትዮዋ መስፈሪያዋን አስቀመጠች። «ጌታዬ፣ ባለፈው ወር አህያዬ ብትጠፋብኝ በስልኬ ‹አህያ› ብዬ ፈለግሁ። ከዚያ ወዲህ የከፈትኩት ገጽ ሁሉ ‹ጋሪ ግዢ› ይለኛል፤ አህያዋ ግን እስካሁን የለችም። መከተላችሁ ካልቀረ፣ እኔን ትታችሁ እሷን ብትከተሉልኝ ምናለበት?» አለቻቸው።