የቁምሳጥኑ አናት አቧራ

ተረት ልነግራችሁ ነው። ጆሮ ያለው ጠጋ፣ አቧራ የሚያስነጥሰው ራቅ ይበል።

በአንድ አቧራማ ሰፈር ወይዘሮ ወርቅያንጥፉ የሚባሉ ሴት ነበሩ። ቤታቸው አንድ ክፍል ናት። በክፍሏ ውስጥ አልጋ አለ፣ ከአልጋው ራስጌ ቁምሳጥን አለ፣ በቁምሳጥኑ አናት ላይ ደግሞ አቧራ አለ። ወለሉማ በየቀኑ ይጠረጋል፤ በዚህስ አይታሙም። የቁምሳጥኑ አናት ግን የሚታሰበው ለዓመት በዓል ዋዜማ ብቻ ነው። ለእንቁጣጣሽ ይጠረጋል፣ ለገና ይጠረጋል፣ ለፋሲካ ይጠረጋል። "በመሃል ማን ያየዋል?" ይላሉ። እውነትም ማንም አያየውም ነበር፤ ልጃቸው ምንትዋብ ወንበር ላይ ቆማ ጣቷን እስክታሳልፍበት ድረስ።

ጊዜው መጋቢት ነው። ምንትዋብ ትንሿን ልጇን ሶልያናን ይዛ መጥታለች። ሶልያና አያቷ ቤት አድራ አታውቅም። አቧራ ካለ ደረቷ ይታፈናል፣ ስትስል ታነጋለች። ዛሬ ግን የሌሊት ልብሷን በቦርሳ አጭቃ፣ "ከእማማ ጋር ነው የማድረው" ብላ ነው የመጣችው። አያቲቱም ይህን ቀን ሲናፍቁ ነው የከረሙት።

"ውይ እማዬ!" አለች ምንትዋብ ጣቷን እያየች። "ይሄ መቼ ነው የተጠረገው?"

"ለገና ነዋ።"

"አሁን እኮ መጋቢት ነው!"

"ታዲያ ፋሲካ መች ደረሰ?"

ምንትዋብ ሳቋ መጣ፤ ግን ዋጠችው። "ገበያ ደርሼ አመሻሽ ላይ እመለሳለሁ። ያኔ ጣቴ ንጹህ ሆኖ ከወረደ ሶልያና ታድራለች። ካልሆነ ይዣት እሄዳለሁ። ምን ላድርግ እማዬ፣ ስትታፈን ማየት አልችልም።"

እሷ ሄደች። ሶልያና በረንዳው ላይ ቦርሳዋን አቅፋ ተቀመጠች።

ወይዘሮ ወርቅያንጥፉ ወገባቸውን ይዘው ሽቅብ አዩ። "አቧራ አቧራ፣ ውረድልኝ! ሶልያና ልትሄድብኝ ነው።"

"አልወርድም" አለ አቧራው እንደተጋደመ። "ከገና ጀምሮ የተኛሁበት ቦታ ነው። እስከ ፋሲካ ማን ነክቶኝ ያውቃል? ጨርቅ ካልመጣብኝ ንቅንቅ አልልም።"

"እማማ፣ ቦርሳዬን ልፍታ?" አለች ሶልያና ከውጭ።

"ቆይ የኔ እናት" አሉና ወደ ጨርቁ ሄዱ። ጨርቁ በደህናው ዘመን ካናቴራ ነበር፤ አሁን ከበሩ ጀርባ ሚስማር ላይ ተንጠልጥሏል።

"ጨርቅ ጨርቅ፣ አቧራውን ጥረግልኝ! አቧራው አልወርድ አለ፤ ሶልያና ልትሄድብኝ ነው።"

"አልጠርግም" አለ ጨርቁ። "በደረቄ ብነካው ይበንና ተመልሶ ይተኛል። ለልፋት ብቻ ነው። ውሃ ካልነካኝ አልጠርግም።"

ቧንቧው ውሃ ካቆመ ሰነባብቷል። ያለው ውሃ በረንዳው ጥግ፣ በርሜል ውስጥ ነው። ወደ በርሜሉ ሄዱ።

"ውሃ ውሃ፣ ጨርቁን አርጥብልኝ! ጨርቁ አልጠርግ አለ፤ አቧራው አልወርድ አለ፤ ሶልያና ልትሄድብኝ ነው።"

"መች ጠላሁ" አለ ውሃው ከውስጥ። "ግን በየት በኩል ልውጣ? ክዳኑ ላይ ዶሮዋ እንቁላል ታቅፋለች። እሷ ካልተነሳች ክዳኑ አይከፈትም፤ ክዳኑ ካልተከፈተ እኔም አልወጣም።"

እንቁላል የታቀፈች ዶሮ ገፍቶ ያነሳ ሰው ካለ እስቲ እጁን ያሳየኝ። ወይዘሮ ወርቅያንጥፉም ይህን ያውቃሉ። ራቅ ብለው ቆመው፣ በለሰለሰ ድምፅ ለመኗት።

"ዶሮ ዶሮ፣ ለአፍታ ተነሽልኝ! ውሃው አልወጣ አለ፤ ጨርቁ አልጠርግ አለ፤ አቧራው አልወርድ አለ፤ ሶልያና ልትሄድብኝ ነው።"

"አልነሳም" አለች ዶሮዋ ላባዋን ነፍታ። "ከጠዋት ጀምሮ አንዲት ጥሬ ማን በተነልኝ? ገብስ ካላየሁ ከእንቁላሎቼ አልነሳም።"

"እማማ፣ አሁንስ ልፍታ?"

"ቆይ የኔ እናት።"

ቤት ውስጥ ገብስ የለም፤ አልቋል። ግን ከጎረቤታቸው በር ላይ አፉ የታሰረ የገብስ ጆንያ ቆሟል። የጋሽ ላቀው ነው፤ የልብስ ሰፊው። ጎረቤት ከጎረቤቱ ጆንያ እፍኝ ጥሬ ቢዘግን ነውር አይደለም። ከገና በፊት ቢሆን። ከገና ወዲህ ግን በእነዚህ ሁለት በሮች መካከል ኩርፊያ ገብቷል። ስለዚህ ወይዘሮ ወርቅያንጥፉ ግራ አዩ፣ ቀኝ አዩ፣ ወደ ጆንያው ጎንበስ አሉ።

"ጆንያ ጆንያ" አሉ በሹክሹክታ፣ "እፍኝ ገብስ ስጠኝ! ዶሮዋ አልነሳ አለች፤ ውሃው አልወጣ አለ፤ ጨርቁ አልጠርግ አለ፤ አቧራው አልወርድ አለ፤ ሶልያና ልትሄድብኝ ነው።"

"አልሰጥም" አለ ጆንያው ጮክ ብሎ። "ያሰሩኝ ጋሽ ላቀው ናቸው፤ እሳቸው ካልፈቱኝ አልፈታም። ደግሞ እትዬ፣ በመስኮት እያዩዎት ነው።"

የስፌት መኪናው ድምፅ ቀጥ አለ። ጋሽ ላቀው መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ሰቅለው በሩ ላይ ቆሙ።

ምን ይደረግ? ወይዘሮ ወርቅያንጥፉ ቀና አሉ፣ ነጠላቸውን አስተካከሉ። "ላቀው፣ ጆንያውን ፍታልኝ። ጆንያው አልሰጥ አለ፤ ዶሮዋ አልነሳ አለች፤ ውሃው አልወጣ አለ፤ ጨርቁ አልጠርግ አለ፤ አቧራው አልወርድ አለ፤ ሶልያና ልትሄድብኝ ነው።"

"አልፈታም፣ ወይዘሮ ወርቅያንጥፉ" አሉ ጋሽ ላቀው። ዱሮ "አንቺ ወርቄ" ነበር የሚሏቸው። "የገና ዋዜማ ለሰው የሰፋሁትን ነጭ ቀሚስ ገመድ ላይ ሰቅዬ ነበር። እርስዎ ያንን የቁምሳጥን ጨርቅዎን በርዎ ላይ ቆመው አራገፉት። የወራት አቧራ በአንድ ጊዜ!"

"የዓመት በዓል አቧራ ነዋ! በዋዜማ የማያራግፍ ማን አለ?"

"አቧራውስ ይሁን። ሳጥብና ስተኩስ አደርኩ፤ ለሰዓቱ አደረስኩት። ያናደደኝ አቧራው አይደለም። አይተው ዝም አሉ፤ ይኸው እስከ ዛሬ ዝም እንዳሉ ነው።"

ወይዘሮ ወርቅያንጥፉ ወደ ልብስ ገመዱ አዩ። "በዋዜማ ነጭ ልብስ ገመድ ላይ የሚሰቅል እሱ ነው ጥፋተኛው" ሲሉ ነበር የከረሙት፤ ለራሳቸው ብቻ። አሁንም አፋቸው ላይ መጣ። ፀሐይዋ ደግሞ ከግቢው አጥር በታች እየወረደች ነው።

በዚህ መሃል ሶልያና ተነሳች። ቦርሳዋን ትከሻዋ ላይ አንጠለጠለች። "እማማ፣ ግድ የለም" አለች፣ "ሌላ ቀን አድራለሁ።"

ይቺ ቃል የአያቲቱን ልብ ቆረጠችው። ኩራታቸውም ከዚያ ወዲያ አልቆመም።

"ላቀው" አሉ፣ "ጥፋቱ የኔ ነው። ያኔም አውቄዋለሁ። አፍሬ ነው ዝም ያልኩህ። ይቅር በለኝ።"

ጋሽ ላቀው መነጽራቸውን አውልቀው ጠረጉት፤ ሳይቆሽሽ። "አንቺ ወርቄ፣ ይህቺን ቃል ለማውጣት ይህን ያህል ጊዜ መጠበቅ ነበረብሽ?" አሉ። "በይ ያዢ!"

ከዚያማ ማን ይቻለው! ጋሽ ላቀው ጆንያውን ፈቱ፤ ጆንያው ገብስ ሰጠ፤ ዶሮዋ ለገብሱ ተነሳች፤ ውሃው ከበርሜሉ ወጣ፤ ጨርቁ ረጠበ፤ ጋሽ ላቀው ወንበሩን ያዙ፤ ወይዘሮ ወርቅያንጥፉ ወንበሩ ላይ ወጡ፤ ያ የተኮፈሰ አቧራ እየተለቃቀመ ወረደ። ጨርቁንም በር ላይ ወስደው ሊያራግፉት እጃቸውን ካነሱ በኋላ ገመዱን አዩ፣ ጋሽ ላቀውን አዩ፣ መልሰው ሳፋ ውስጥ ነከሩት። ጋሽ ላቀው ሳቁ።

ምንትዋብ አመሻሽ ላይ ተመለሰች። ወንበሩ ላይ ወጣች። ጣቷን ከዳር እስከ ዳር አሳለፈች። አየችው። ከግድግዳው ጋር የሚገናኝበትን ጥጉን ሳይቀር ነካችው። ሶልያና የቦርሳዋን ማንገቻ ጨምድዳ ይዛለች።

"ሶልያና" አለች እናቷ ንጹህ ጣቷን ወደ ታች እያሳየች፣ "ቦርሳሽን ፍቺ።"

ወይዘሮ ወርቅያንጥፉ አልጋው ጫፍ ላይ ቁጭ አሉ።

"እንግዲህስ እማዬ" አለች ምንትዋብ፣ "በየስንት ጊዜው ነው የምትጠርጊው? ፋሲካን ልትጠብቂ ነው?"

"የምን ፋሲካ! ሶልያና ልታድር በመጣች ቁጥር ነው እንጂ።"

ሶልያና የሌሊት ልብሷን ከቦርሳው እየጎተተች ቀና አለች።

"እንግዲያውስ" አለች፣ "በየቀኑ እመጣለሁ።"

ተረቴ አለቀ። መልሱልኝ፤ ስትመልሱልኝ ግን አራግፋችሁ ሳይሆን አጥባችሁ ይሁን።