የሐጂ ኢናየቱላህ እርሾ

ምስጋና ሁሉ ለዓለማት ጌታ ይሁንና፣ ዛሬ የማወጋችሁ ከአገራቸው ርቀው በብርድ አገር ስላረጁ አንድ ሽማግሌ ነው። የከተማዋን ስም አልጠራም፤ ያረጀች የሱፍ ፋብሪካ ከተማ መሆኗን ብቻ እወቁልኝ። ድሮ የፓኪስታን ወጣቶች ለፈረቃ ሥራ ወደዚያ ይጎርፉ ነበር። ሁሉም "ሁለት ዓመት ሠርቼ እመለሳለሁ" እያለ ነበር የመጣው፤ ሁሉም እዚያው ሸበተ። ፋብሪካዎቹ ተዘጉ፣ ሰዎቹ ግን ቀሩ። መስጂድ ሠሩ፣ ልጆች ዳሩ፣ መቃብርም ገዙ።

ሐጂ ኢናየቱላህ ከመስጂዱ ጀርባ አንዲት ጠባብ ምግብ ቤት ነበረቻቸው። የሚሸጡት አንድ ምግብ ብቻ ነው፤ ኒሃሪ ይባላል። የበሬ ቅልጥም ከነመቅኔው በዝንጅብል፣ በጥምዝ፣ በእንስላልና በቀረፋ ይጣዳል። አድሮ፣ ሥጋው ከአጥንቱ በራሱ ጊዜ ሲለቅ፣ ከንጋቱ የሱብሒ ሰላት በኋላ በትኩስ ቂጣ ይበላል። እሁድ ጠዋት እዚያች ምግብ ቤት ደጃፍ ላይ ሰልፉ መንገዱን ያጣብብ ነበር። ሰው በዝናብ ቆሞ ይጠብቃል እንጂ አይሄድም።

ምክንያቱ ጣዕሙ ብቻ አልነበረም። የኒሃሪ ባለሙያዎች ድስታቸውን አሟጠው አይጨርሱም። ከየቀኑ ጥቂት ጭልፋ ያስቀሩና በማግሥቱ አዲሱ ላይ ይጨምሩታል፤ እኛ ለሊጥ እርሾ እንደምናስቀር ማለት ነው። የሐጂ ኢናየቱላህ አባት በአገራቸው በግንብ በታጠረች ጥንታዊ ከተማ በር ላይ ኒሃሪ ሲሸጡ የኖሩ ሰው ነበሩ። ልጃቸው ሲሰደድ ከዚያ ድስት ቀድተው፣ የጣሳውን ክዳን በሊጥ አሽገው ሰጡት። የጉምሩክ ፈታሾች "ምንድን ነው ይሄ?" ብለው ሲጠይቁት "አባቴ ነው" ብሎ መለሰ እየተባለ እስከ ዛሬ ይሳቅበታል። ያ እርሾ በባዕድ አገር ተጣደ። በምግብ ቤቱ ግድግዳ ላይም "ከአባቴ ድስት፣ አንድም ቀን ሳይቋረጥ" የሚል ጽሑፍ በትልቁ ተሰቀለ።

ሐጂ ሰላታቸውን የማያሳልፉ፣ የተራበን ሳያበሉ የማይመልሱ፣ ቃላቸው የታመነ ሰው ነበሩ። እንከን አልነበረባቸውም ብላችሁ ግን እናንተም አታምኑኝም። በድስታቸው ይኮሩ ነበር፤ ኩራታቸውም ልክ አልነበረውም። የሌላ ሰው ኒሃሪ ሲቀርብላቸው አንዴ ቀምሰው "ትናንት የተወለደ ነው" ብለው ይገፉታል። ምላሳቸው የአባታቸውን እጅ ከሺህ ድስት መካከል እንደሚለይ ይምሉ ነበር። ሴት ደግሞ ወደ ድስቱ አትጠጋም ይሉ ነበር። ባለቤታቸው፣ የነዲም እናት፣ ሽንኩርት ይከትፋሉ፣ ቅመም ይወቅጣሉ፣ ሳህን ያጥባሉ፤ ጭልፋውን ግን አይነኩም።

አንድ ሰኞ ሸውከት የሚባል ሰው ከሌላ ከተማ መጣ። ዕድሜው አርባን ያለፈ፣ ሃያ ዓመት ታክሲ የነዳ ሰው ነው። ታክሲውን ሸጦ፣ ሱቅ ተከራይቶ ኒሃሪ ቤት ሊከፍት ተነስቷል።

"ሐጂ ሳሂብ፣ ከእርሾዎ ሁለት ጭልፋ ይስጡኝ" አላቸው እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ። "ደግሞ ምስክርነት እፈልጋለሁ። በኛ ከተማ ሁሉም 'የኔ የጥንት ነው' ባይ ነው። እርስዎ በመስጂዱ ጀመዓ ፊት መስክረው ኢማሙ ቢጽፉልኝ፣ ግድግዳዬ ላይ እሰቅለዋለሁ። ሰው የእርስዎን ቃል ያምናል።"

ሐጂ ከደስታቸው ብዛት ሰውየውን አቅፈው ሳሙት። ኒሃሪ አስቀርበው እስኪጠግብ አበሉት። "አርብ ከጁሙዓ ሰላት በኋላ፣ ወላሂ ብዬ እመሰክርልሃለሁ" አሉት።

ሐሙስ ከሰዓት በኋላ፣ ዐስር ሰላት ሰግደው፣ ሐጂ ሳሎናቸው ውስጥ ወዲያ ወዲህ እያሉ የነገውን ንግግር ይለማመዱ ነበር። "ወላሂ፣ ይህ እርሾ ከአባቴ ድስት ሳይቋረጥ..." ሲሉ የነዲም እናት በሩ ላይ ቆመው ሰሟቸው።

"የነዲም አባት፣ ነገ በአላህ ስም ሊምሉ ነው?"

"እንዴታ! እውነት ለሆነ ነገር ምን ያስፈራኛል?"

"እንግዲያውስ አይማሉ።"

ሐጂ ዞረው አዩዋቸው። ባለቤታቸው ወንበሩ ጫፍ ላይ ተቀመጡ።

"ሐጅ የሄዱ ጊዜ ሌላ ሰው ጠፍቶ ድስቱን ለኔ ትተውልኝ ነበር። ነዲምና እህቱ አንድ ላይ በትኩሳት ወደቁ። እነሱን ስይዝ፣ ውሃ ስቀይርላቸው፣ ድስቱ አረረ። እስከ አፉ አረረ። አንድ ጭልፋ እንኳ ላተርፍ ብዬ ነበር፤ ሽታው አላስጠጋኝም። አልቅሼ ደፋሁት። ድስቱን በአሸዋ ፈተግኩት። ከዚያ እናቴ ለሠርግ ስትሠራ እንዳየኋት አድርጌ አዲስ ጣድኩ።"

"ከአዲስ?" አሉ ሐጂ።

"ከአዲስ። ሲመለሱ ልነግርዎት ነበር። ዘምዘሙን እንደያዙ፣ ጎረቤቱ ሁሉ ተሰብስቦ ሳለ ቀመሱና አለቀሱ። 'የአባቴ እጅ! መካን ሙሉ ስዞር የናፈቀኝ ይሄ ነው!' አሉ። ያን እንባ አይቼ እንዴት ልናገር? ነገ እላለሁ፣ ነገ እላለሁ ስል ጽሑፉ ተሰቀለ። ሃያ ሰባት ዓመት ሆነኝ። እኔን ቢቆጡኝ እችለዋለሁ፤ እርስዎ በኔ የተነሳ በውሸት ምለው አላህ ፊት ሲቀርቡ ግን አልችልም።"

ሐጂ መጀመሪያ ቁጣ ነበር የመጣባቸው። ሰው በቁጣው ጊዜ ታጥቦ ውዱእ ያድርግ የተባለው ለዚህ ነውና ተነስተው ውዱእ አደረጉ፤ ሁለት ረከዓ ሰገዱ፤ መስገጃው ላይ እንደተቀመጡም ቆዩ። የአባታቸው እርሾ መጥፋቱ አሳዘናቸው። ከዚያ ይልቅ ያቃጠላቸው ግን ሌላ ነገር ነው። ከሺህ ድስት ይለያል ያሉት ምላስ አልለየም። ትናንት የተወለደ እያሉ የሰው ድስት ሲገፉ የኖሩት የራሳቸውን በቅጡ ሳያውቁት ነው። ሃያ ሰባት ዓመት ሙሉ "ሴት ወደ ድስቱ አትጠጋም" ሲሉ፣ ያቺ ሴት ሳህን እያጠበች ትሰማቸው ነበር። እዚህ ላይ ሲደርሱ አፈሩ፤ ብቻቸውን ሆነው እንኳ ፊታቸውን በእጃቸው ሸፈኑ።

ልጃቸው ነዲም ከምሽቱ የመግሪብ ሰላት በፊት መጣ። አዋቂ ሰው ነው፤ ምግብ ቤቱንም አብሮ የሚያስተዳድረው እሱ ነው። ነገሩን ሲሰማ ደነገጠ፣ ከዚያ ዘዴ ማፈላለግ ጀመረ።

"አባባ፣ ማንም አያውቅም። ካልፈለጉ አይማሉ፤ 'ይህ እርሾ ከኔ ድስት የተወሰደ ነው' ብቻ ይበሉ። ውሸት አይደለም። ሌላውን ሰውየው ራሱ ይረዳዋል።"

"በተሳሳተ መንገድ ይረዳዋል። እንዲሳሳት ያደረግሁት ደግሞ እኔ እሆናለሁ።"

"ስማችንስ? ያ ሁሉ ሰው በዝናብ የሚሰለፈው ለምን ይመስልዎታል?"

"እሱን እሁድ እናየዋለን" አሉ ሐጂ፣ ተነስተውም ወደ መስጂድ ሄዱ።

ጁሙዓ ደረሰ። ከሰላት በኋላ ጀመዓው በአዳራሹ ተሰበሰበ። ሴቶቹ እንደወትሮው ከላይ፣ በፎቁ ላይ ከመጋረጃው ጀርባ ናቸው። ኢማሙ ወረቀትና ብዕር ይዘዋል። ሸውከት አዲስ ልብስ ለብሶ ፊት ለፊት ተቀምጧል፤ እርሾውን የሚወስድበት ዕቃም ጉልበቱ ላይ ነው። ሐጂ ተነሱ፤ ድምፃቸው ቀጥ ያለ ነበር።

"ወንድሞቼ፣ ልመሰክር ነበር የመጣሁት፤ መመስከሬም አልቀረም። የአባቴ እርሾ የለም። ሐጅ በሄድኩበት ዓመት ልጆቼ ታመው ሳለ ድስቱ አሮ ተደፋ። እኔ ይህን ያወቅሁት ትናንት ነው። እስከ ትናንት የተናገርኩት አለማወቅ ነበር፤ ዛሬ ዝም ብል ግን ማታለል ይሆናል።"

አዳራሹ ተንጫጫ። ከፋብሪካው ዘመን ጀምሮ የሐጂ ደንበኛ የነበሩ አንድ አዛውንት "ታዲያ ይህን ሁሉ ዘመን ስንበላ የኖርነው የማንን ነው?" ብለው ጮኹ። የሳቀም አለ፤ የተናደደም አለ።

ሸውከት ፊቱ ነጣ። "ሐጂ ሳሂብ፣ እኔኮ ታክሲዬን ሸጫለሁ" አለ።

"አውቃለሁ ልጄ። ቤትህን በውሸት ላይ ስትሠራ እያየሁ ዝም ብል ኖሮ ታክሲህን የሰረቅሁህ ያህል ነበር። መስደብ ካማረህ ስደበኝ፤ እሰማሃለሁ።"

ሸውከት ዕቃውን ጉልበቱ ላይ ያዞር ጀመር። ልጆቹን ያስብ እንደነበር በኋላ ተናግሯል። በመጨረሻ ቀና አለ።

"ሰኞ ያበሉኝ ኒሃሪ ከዚያው ከአዲሱ ድስት ነው?"

"ከዚያው ነው።"

"እንግዲያው ምስክርነቱን አይንሱኝ፤ እውነተኛው ይጻፍልኝ። እርሾውን ከማን ወሰድኩት ልበል?"

ሐጂ ዓይናቸውን ወደ መሬት ጣሉ። የነገሩ ክብደት የገባችሁ እንደሆነ አላውቅም። በነዚያ ሰዎች ልማድ ጨዋ ሰው የሚስቱን ስም በወንዶች ጉባኤ አይጠራም፤ እንደ ነውር ይቆጠራል። እሳቸውም በትዳር ዘመናቸው ሁሉ "የነዲም እናት" ከማለት በቀር ስሟን ሰው ፊት ጠርተው አያውቁም ነበር። ግንባራቸው ላይ ላብ ወጣ።

ኢማሙ የገባቸው መሰለኝ፣ ብዕራቸውን ሳያስቀምጡ በቀስታ ተናገሩ። "ሐጂ፣ የነቢያችን፣ የአላህ ሰላምና እዝነት በሳቸው ላይ ይሁንና፣ ሐዲሳቸው እኛ ዘንድ የደረሰው በሰዎች ሰንሰለት ነው። በዚያ ሰንሰለት ውስጥ ሴቶች አሉ፤ በስማቸው፣ በአባታቸው ስም ተጽፈው። ሊቃውንቱ ዑለማዎች አላፈሩበትም።"

ሐጂ ኢናየቱላህ አንገታቸውን ቀና አደረጉ።

"ይጻፉ እንግዲያው" አሉ። "እኔ ኢናየቱላህ ይህን እርሾ የወሰድኩት ከባለቤቴ፣ ከሱግራ የፈዝል ልጅ ነው። ሱግራ ከእናቷ ከጀነት ቢቢ ወሰደች። ጀነት ቢቢ ከማን እንደወሰደች አላህ ያውቃል። ሃያ ሰባት ዓመት ያመሰገናችሁት የሱግራን እጅ ነው። እኔ የራሴ አስመስዬ ምስጋናውን ወሰድኩባት፤ ፊታችሁ ቆሜ ይቅር እንድትለኝ እለምናታለሁ።"

ከላይ፣ ከመጋረጃው ጀርባ፣ አንዲት ሴት ስታለቅስ ተሰማ። ከዚያ ሌላዋ "ማሻአላህ!" አለች፤ ፎቁ በሙሉ ተቀበላት። ኢማሙ ጽፈው ሲጨርሱ ሸውከት ወረቀቱን በሁለት እጁ ተቀብሎ ግንባሩ ላይ አደረገው።

በእሁዱ ሰልፉ አጠር ብሎ ነበር፤ ይህን ልደብቃችሁ አልፈልግም። አንዳንዱ የሚበላው ጽሑፉን ኖሯል መሰል፣ ጽሑፉ ሲወርድ አብሮ ሄደ። የቀረው ግን ቀረ። ያን ቀን ጭልፋውን የያዙት ሱግራ ነበሩ፤ ሐጂ ሳህን እያቀበሉ ነበር። አዳራሹ ውስጥ የጮኹት አዛውንት በልተው ሲጠግቡ ሐጂን ጠጋ አሏቸው።

"እንዲያው ግን አልቆጨዎትም? አባትዎ ያወረሱዎት ነገር እንዲያ ሆኖ መቅረቱ?"

ሐጂ ሳህኑን አስቀመጡ።

"አባቴ ያወረሰኝ አለመዋሸትን ነበር" አሉ። "እሱ ደግሞ ሊያርርብኝ የነበረው ሐሙስ ዕለት ነው፤ አልሐምዱሊላህ፣ ደረስኩበት።"

ወገኖቼ፣ ይህች ቃል አጭር ናት፤ አስቡባት ግን። ሰው ከአባቱ የወረሰውን ዕቃ ሲጠብቅ ይኖርና፣ ዕቃው የተሰጠው የቱን ጠባይ ይዞ እንዲኖር እንደሆነ ይረሳዋል። ሐጂ ኢናየቱላህ ዝም ቢሉ ጽሑፉ ተሰቅሎ ይቀር፣ ሰልፉም ይረዝም ነበር፤ የአባታቸው አማና፣ አደራቸው፣ ግን ከውስጥ ተቃጥሎ ባለቀ ነበር። እውነቱን ሲናገሩ ደግሞ የጠፋ የመሰላቸው ሰንሰለት ቤታቸው ውስጥ ሳህን ሲያጥብ ተገኘ። እኛስ በሌላ ሰው ድካም ስንቱን ምስጋና ተቀብለናል? ዛሬ ቤታችን ስንገባ ምግብ ይቀርብልናል። ቢስሚላህ ብለን እንብላ፤ ስንጠግብ አላህን እናመስግን፤ ከዚያ ያበሰለችውን ቀና ብለን አይተን፣ ልጆቻችን እየሰሙ፣ በስሟ እንጥራት።