ሁለት ዙር የላላች ቡሎን

አገሩ ሁሉ የሚተርተው አንድ ተረት አለ። እኛ ኮምቦልቻዎች ስንተርተው ግን ትዝ የሚለን ይማም ነው።

ይማም የክለባችን ብስክሌት ተወዳዳሪ ነበር። የዚያን ቀን ከኮምቦልቻ ደሴ ሲወዳደሩ፣ ደሴ ቀድሞ የገባ ለአገር አቀፍ ውድድር ይመረጣል። ይማም ሠላሳ ሊሞላው ነው። አሠልጣኙም «ከዚህ ወዲያ ዕድል የለህም» ብሎታል።

ሊነሱ ሩብ ሰዓት ሲቀር የኋላ ማርሹ አስቸገረ። ሰንሰለቱ ወደ ትልቁ ጥርስ አልወጣ አለ። ያለ ትልቁ ጥርስ ደግሞ ወደ ደሴ የሚያወጣው የሐረጎ ዳገት ጫፉ አይገፋም።

መካኒካችን ጋሽ እንድሪስ ተንበረከኩ። የማርሹን ገመድ ሩብ ዙር ያጠብቃሉ፣ ፔዳሉን በእጃቸው ያዞራሉ፣ ጆሯቸውን አስጠግተው ያዳምጣሉ። ከዚያ እንደገና ሩብ ዙር። ተወዳዳሪው ዳገት ላይ ሞክሮት ካልተመለሰ ሥራው አለቀ አይሉም።

«ጋሼ፣ ሰዓት ነው እንዴ የሚሠሩት?» አለ ይማም።

«ሰዓት ቢሳሳት ሰው አይጥልም።»

«ሊጠሩን ነው እኮ!»

«ይጥሩ። ገና ሁለት ሩብ ዙር ይቀረዋል።»

ድምፅ ማጉያው ተወዳዳሪዎችን ጠራ። ይማም ካቻቢቴውን ከእጃቸው ነጠቀ። ሰንሰለቱ ከትልቁ ጥርስ አልፎ እንዳይወጣ የምትከለክል ትንሽ ቡሎን አለች። እሷን ሁለት ዙር አላላት። ገመዱንም ባንዴ ጠምዝዞ አጠበቀው። ሰንሰለቱ ዘሎ ትልቁ ጥርስ ላይ ተቀመጠ።

«አዩ? አለቀ!»

«አንተ ልጅ፣ ቡሎኗን መልሳት! ደግሞ ዳገት ላይ ሞክረው!»

«ደሴ እሞክረዋለሁ» ብሎ ሄደ።

እኔና ጋሽ እንድሪስ በፒካፕ ተከተልን። ይማም ሐረጎን እየመራ ወጣ። ጋሽ እንድሪስ ዓይናቸውን ከኋላ ጎማው አልነቀሉም። ጫፉ ሊደርስ ሁለት መታጠፊያ ሲቀረው አንድ የደሴ ልጅ ተጠጋው። ይማም ብድግ ብሎ ረገጠ፤ ማርሹንም ለመጨረሻው አቀበት ወደ ትልቁ ጥርስ ለወጠ።

ቀጭ አለ። ሰንሰለቱ ጥርሱን አልፎ የጎማው ሽቦዎች ውስጥ ገባ፤ ማርሹንም ጎትቶ አስገባው። ጎማው ቀጥ አለ። ይማም አስፋልቱ ላይ ተዘረረ።

ደርሰን ስንወርድ ጉልበቱ እየደማ ሰንሰለቱን በጣቶቹ ይጎትታል። የደሴው ልጅ አለፈ። ሌሎቹም ተከታትለው አለፉ።

«ጋሼ፣ ቶሎ ይድረሱልኝ! ይስተካከላል አይደል?»

ጋሽ እንድሪስ ጎንበስ ብለው አዩት። ማርሹ ለሁለት ተሰብሯል። አጠገቡ መሬት ላይ ተቀመጡ፤ የመጨረሻው ተወዳዳሪ ሲያልፍም ቀስ ብለው፣ «ልጄ፣ ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል» አሉት።