የጫኔ የጣት ትጥቅ

ሰው ሥራውን በጥድፊያ ሲያበላሽ ሽማግሌዎች የሚተርቷት አንዲት ተረት አለች። ብዙዎች ስለ ወገብ መታጠቂያ የተነገረች ይመስላቸዋል። በቆላው ግን መነሻዋ ወገብ ሳይሆን ሦስት ጣት ነው ይላሉ፤ ያውም የጫኔ ጣት።

ጫኔ የታወቀ ቀስተኛ ነበር፤ ክንዱ የማይዝል፣ ዓይኑ የማይስት። መቀመጥ ብቻ አይችልም። ለቅሶ ቤት ገብቶ እንኳ «እግዜር ያጥናችሁ» ሲል እግሩ ወደ በር ዞሯል። በዚያ ዓመት ከርከሮ የማሽላ ማሳውን እኩሌታ ፈጀበት። የቀረችው እኩሌታ የሚስቱና የሦስት ልጆቹ የዓመት ጉሮሮ ነበረች። መንደርተኛው አዘነለትና ለቅዳሜ አደን ተቀጣጠረ። ሌላው ከርከሮውን ከጫካ ሊነዳ፣ ጫኔ ደግሞ ከማሳው ራስጌ ባለችው ጠባብ መግቢያ ቆሞ ሊጠብቅ ተስማሙ።

አሮጌው የጣት ትጥቁ ተበጣጥሶ ስለነበር ቆዳ አልፊው አያ ቢያድግ አዲስ ሰፉለት። የቀስቱ ጅማት ሲሳብ እንዳይቆርጥ ሦስት ጣት የሚያለብስ፣ የእጅ አንጓ ላይ በጠፍር የሚታሰር ነው። ቆዳው ገና ደረቅ ነበር።

«ስማኝ ጫኔ» አሉት። «ቅቤ እየቀባህ ሰባት ቀን ከእጅህ አታውልቀው። ስትቆፍርም ስትተኛም እዚያው ይሁን። ጣትህን ሲለምድ ይታዘዝሃል።»

«ሰው ስጨብጥስ?»

«አትጨብጣ! ቤትህ ተከተት። ሰባት ቀን ሰው ሳታይ ብትውል አትሞትም።»

በዚያ አገር በተሸፈነ እጅ ሰው መጨበጥ ትልቅ ነውር ነው። ስለዚህ አዲስ ትጥቅ የሚያለምድ ሰው እቤቱ ይውላል፤ ጎረቤትም አውቆ አይጠራውም። ጫኔ የመጀመሪያውን ቀን እንደምንም ገፋው። በማግስቱ አጥሩ ላይ ተንጠልጥሎ አላፊ አግዳሚውን ሲጣራ ዋለ። በሦስተኛው ቀን ገበያ ወጣ። አንዱን ሊጨብጥ ትጥቁን አወለቀ፤ መልሶ አጠለቀ፤ ሌላው መጣ፤ አሁንም አወለቀ። በመጨረሻ ተናደደና ጠቅልሎ ኪሱ ከተተው። ከዚያ በኋላ የት እንደጣለውም አላስታወሰም።

«ቆዳው እኮ ሳይለፋ ቀረ» አለችው ሚስቱ አንጓች።

«ኧረ ተይኝ፣ ቅዳሜ ገና ነው!»

ቅዳሜ ማለዳ ጥሩንባው ሲነፋ ጫኔ ትጥቁን ፍለጋ ቤቱን ያምሰው ነበር። ከመደቡ ሥር አገኘው፤ እንደ ቅርፊት ደርቋል። ጣቱን በግድ ከትቶ ቀስቱን አንግቶ ወጣ።

«ቁጭ ብለህ እሰረው!» አንጓች ከኋላው ጮኸች።

«ቁጭ ብል ከርከሮው ይጠብቀኛል?»

እየሮጠ ጠፍሩን በጥርሱ ጎተተና አንድ ዙር አዙሮ ቋጠረው።

ከቦታው እንደደረሰ ቁጥቋጦው ተንኮሻኮሸና የመንጋው አውራ ብቅ አለ። ጫኔን ሲያይ ወደ ግራ ታጠፈ። ጫኔ ሊቀድመው ሮጠ። ያልለፋ ጠፍር ደግሞ ቋጠሮ አይዝም፤ ጥቂት እንደሄደ ላላ፣ ትጥቁም ከጣቱ ሾልኮ ድንጋይ መሐል ወደቀ። ልመለስ ወይስ ልቅደም ብሎ ልቡ ለሁለት ተከፈለ። ከርከሮው ማሳው ጫፍ ደርሷል። የጫኔ ቀስት በባዶ ጣት የሚሳብ አልነበረም፤ ቢሆንም ሳበው። ጅማቱ ጣቱን ሰነጠቀው፤ ፍላጻው ሄዶ ሄዶ እዚያው የራሱ እግር ሥር ተሰካ።

መንጋው አውራውን ተከትሎ ገባ። ጫኔ ደም የሚያንጠባጥብ እጁን እያወናጨፈ ቢጮህ ማን ይስማው! ሰዎቹ ደርሰው እስኪያባርሩት ድረስ ማሽላው እንደ ጉዝጓዝ ተነጥፎ ነበር። አንጓችም ከሰዎቹ ኋላ ደረሰች። ጎንበስ ብላ ያልተረገጠ ዛላ ፈለገች፤ አጣች። ጫኔ ይህን ሲያይ መሬት ተከፍታ ብትውጠው ወደደ።

«ቋጥሬው ነበር እኮ» አለ፣ ማንም ሳይጠይቀው። «በእመቤቴ፣ ቋጥሬው ነበር!»

አያ ቢያድግ ትጥቁን ከድንጋዮቹ መሐል አንስተው አቧራውን አራገፉ። የተንጠለጠለውን ጠፍር አዩ፤ ጫኔንም አዩት፤ ከዚያ ራሳቸውን እየነቀነቁ፣ «አይ ልጄ፣ ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል» አሉ።