በሸማ ላይ የቀረው ቀረጥ

ገበያ መሀል አንዱ ነጋዴ የሌላውን ችግር አይቶ ሊጫነው ሲል፣ ሽማግሌ ጣልቃ ገብቶ የሚወረውራት አንዲት አባባል አለች። አባባሊቱን ሁሉ ያውቃታል፤ ከምን እንደተወለደች የሚያውቀው ግን ጥቂት ነው።

በድሮ ዘመን አንድ የደጋ ንጉሥና የአንድ ሩቅ ደሴት ሱልጣን፣ የአገሮቻቸው ዕቃ ያለ ቀረጥ እንዲገባና እንዲወጣ ሊዋዋሉ ፈለጉ። በመካከላቸው በረሃም ባሕርም ነበር። ሱልጣኑ ሙርጃን የሚባል ወጣት መልእክተኛ ላከ። ሙርጃን የሉል ነጋዴ ልጅ ነው፤ ከደጋ ነጋዴዎች ጋር ስላደገ ቋንቋውን አሳምሮ ይናገራል። ንጉሡ ደግሞ የንግዱን አለቃ ነጋድራስ ወንዳፍራሽንና የቤተ መንግሥቱን ሹም አዛዥ ጓንጉልን ለድርድሩ አስቀመጡ።

ሙርጃን ቸኩሏል። የባሕሩ ነፋስ ከዞረ እስከ ሌላው ዓመት ወደ አገሩ መመለሻ የለውም፤ የመጣውም ሚስቱን እርጉዝ ትቶ ነው። ገና ስለ ማሩና ስለ ሰሙ ሲነጋገሩ ብድግ አለና፣

«ምን ያንዛዛናል? ከእናንተ የሚመጣው ሁሉ ወደ እኛ፣ ከእኛ የሚመጣውም ሁሉ ወደ እናንተ ያለ ቀረጥ ይግባ። ይጻፍና ማኅተሜን ላሳርፍበት» አለ።

«ይጻፍ እንጂ!» አሉ አዛዥ ጓንጉል፣ ደስታቸውን መደበቅ አቅቷቸው።

ነጋድራስ ግን ጸሐፊውን በእጃቸው አስቆሙት።

«እንግዳዬ፣ ወንዶቻችሁ ባሕር ሲወጡ ሴቶቻችሁ በምን ይኖራሉ?»

«ይፈትላሉ፤ ይሸምናሉ። የደሴቱ ድኻ የሚያድረው በዚያ ነው።»

«የእኛን ሸማ አይተውታል?»

ሙርጃን የነጋድራስን ኩታ ጫፍ ይዞ ዳሰሰው። ከአገሩ ጨርቅ የሳሳ፣ የጠነከረም ነበር። ዋጋውን ጠየቀ። ሲነግሩት ከአገሩ ጨርቅ እጅግ የረከሰ ነው፤ ፊቱ ዐመድ መሰለ፤ ቀስ ብሎ ተቀመጠ።

አዛዥ ጓንጉል ነጋድራስን ወደ ጓሮ ጎተቷቸው።

«አንተ ሰው፣ እሱ በገዛ እጁ የከፈተውን በር የምትዘጋው ምን ቤት ነህ? ሸማኔዎቻችን ቢሰሙ ምን ይሉሃል?»

«ይሰድቡኛል» አሉ ነጋድራስ። «ግን ይህ ልጅ የማያውቀውን ውል አትሞ ቢሄድ፣ ነገ የእነዚያ ሴቶች ልጆች ሲራቡ እኛን ይረግማሉ። በእርግማን ላይ የቆመ ንግድ የት ይደርሳል?»

ተመልሰው ገቡ። ሌላው ሁሉ ነጻ ሆነ፤ ወደ ደሴቱ በሚገባው ሸማ ላይ ብቻ ቀረጡ እንደ ነበረ ቀረ። ሙርጃን የነጋድራስን ትከሻ ስሞ ተሰናበተ፤ ነፋሱ ሳይዞርም አገሩ ገባ። ነጋድራስ ግን ከሸማኔው ስድብ፣ ከንጉሡም ቁጣ አላመለጡም። ሹመታቸውን ተነጥቀው ገጠር ገቡና ንብ እያነቡ ተቀመጡ።

ዘመን አልፎ ደጋው ዝናብ አጣ። ጎተራው ባዶ ሆነ፤ ከብቱ አለቀ። አጎራባች አገሮች ለራሳቸው ፈርተው እህላቸውን ከለከሉ። አዛዥ ጓንጉል ከየትም ይሁን እህል ለምነው እንዲያመጡ ወደ ባሕሩ ዳር ተላኩ። እዚያ ሲደርሱ መርከቦች ሩዝና ቴምር እያራገፉ ነው። አንድ ጢሙ የሸበተ ሰው ወደ እሳቸው መጣ፤ ሙርጃን ነበር።

«መራባችሁን ሰማን» አለ። «ከየቤታቸው እየሰፈሩ መርከቡን የሞሉት ሸማኔ ሴቶቻችን ናቸው። ነጋድራስ በሕይወት አሉ?»

«አሉ» አሉ አዛዥ።

እህሉ በግመል ወጥቶ ለሕዝቡ ታደለ። አዛዥ ጓንጉል ግን አንዱን ስልቻ በራሳቸው ትከሻ ተሸክመው ገጠር ወረዱ። ነጋድራስ ደጃፍ ላይ አውርደው፣ እህሉን የላኩት የደሴቱ ሸማኔ ሴቶች መሆናቸውን ነገሯቸው፤ ጉልበታቸውን ሊስሙ ጎንበስ ሲሉ፣ ነጋድራስ አቅፈው አነሷቸው። ሁለቱም ዕንባቸው ወረደ።

«ተመስገን!» አሉ ነጋድራስ ወደ ሰማይ እያዩ። «እነዚያን ሴቶች እሱ ይባርክልን።»

የሰፈሩ ሰው ተሰብስቦ፣ ያን ያህል ትልቅ ሹም ስልቻ ስለምን እንደ ተሸከመ ቢጠይቅ፣ አዛዥ ጓንጉል ላባቸውን ጠርገው፣ «ያኔ ለእኔ የታየኝ ትርፉ፣ ለነጋድራስ የታየው ሰዉ ነበር፤ ልጆቼ፣ ትርፍ ያልቃል፣ ወዳጅ ይዘልቃል» አሉ።