በብርድ የቆየ

ሥጋ በጭስ እያደረቀ የሚሸጥ አንድ ሰው በአንዲት የደጋ ከተማ ይኖር ነበር፤ ስሙ ይርዳው ይባላል። ሙያውን የተማረው ከአባቱ ነው። በከተማዋ የሚያልፉ መንገደኞች ከእሱ ቤት ስንቅ ሳይገዙ አይሄዱም፤ በወይራ ጭስ ቀስ ብሎ የበሰለ ሥጋው ጣዕሙ አፍ ላይ ይቆያልና።

ሁዳዴ ሊገባ ሲል ከብት በብዛት ይታረዳል፤ ጾሙ ከገባ በኋላ ግን ሥጋ ፈላጊ የለም። ስለዚህ ይርዳው የተረፈውን ሥጋ በየመጠኑ ይቆርጥና አየር እንዳይነካው በላስቲክ ጥብቅ አድርጎ ይጠቀልለዋል፤ ከዚያም ፍሪዘር ውስጥ ይደረድረዋል። ፋሲካ ሲውል ጥቂት ጥቂቱን እያወጣ ያጨሰዋል።

ይህን ሥራ ድሮ ከታናሽ ወንድሙ ከጓንጉል ጋር ነበር የሚሠራው። አንዱ ይቆርጣል፣ ሌላው ጨው ያሻል፤ ቀኑን ሙሉ ሲቀላለዱ ይውላሉ። ይህ የቆየው አባታቸው እስከ ሞቱበት ቀን ድረስ ብቻ ነው። ያን ዕለት ለንግድ ወደ ሌላ አገር ሄዶ የነበረው ጓንጉል የደረሰው አስከሬኑ ከቤት ሊወጣ ሲል ነው። ለቀስተኛው ሁሉ በተሰበሰበበት ድንኳን ውስጥ ጣቱን ወደ ወንድሙ ቀስሮ፣ «አባታችንን የገደልካቸው አንተ ነህ! በጊዜ ሐኪም ቤት ብትወስዳቸው ኖሮ ዛሬ በሕይወት ይኖሩ ነበር!» አለ።

ይርዳው አንዲት ቃል አልመለሰም። ከዚያ ወዲያ ግን ሁለቱ አልተነጋገሩም። ጓንጉል ከወንዙ ማዶ ልኳንዳ ቤት ከፈተ። ሠርግ ወይም ለቅሶ ቢያገናኛቸው እንኳ አንዱ ሲገባ ሌላው ይወጣል።

ሽማግሌዎች መጥተው ነበር። ይርዳው ወንበር አቅርቦ፣ አብልቶና አጠጥቶ ሲያበቃ፣ «እኔ ከማንም ጋር ጠብ የለኝም። ነገሩን ትቼዋለሁ፤ ጊዜ ይፈታዋል» ብሎ ሸኛቸው። ሰውም ይርዳው ትዕግሥተኛ ነው አለ። እሱም ስለ ራሱ እንደዚያው አመነ። እንዲህ እያለ ዓመታት አለፉ።

አንድ የፋሲካ ሰሞን የአባቱ እህት እትዬ ዘርትሁን ሊጠይቁት መጡ። ይርዳው ሥጋ ከፍሪዘር እያወጣ ነበር።

«ይሄ መቼ የገባ ነው?» አሉት።

«ጾም ሳይገባ ነው፣ እትዬ።»

«ይህን ያህል ሲቆይ አይበላሽም?»

«በደንብ ከታሸገና መብራት ካልጠፋ ምን ያበላሸዋል? እንደገባ ይወጣል። ይኸው ይዩት፤ ቀለሙ እንኳ አልተለወጠም።»

«ሲቆይስ ጣዕሙ ይጨምራል?»

ይርዳው ሳቀ። «ኧረ አይጨምርም! ብርድ ያቆየዋል እንጂ አያበስለውም።»

እትዬ ዘርትሁንም፣ «የጓንጉልንም ነገር ጊዜ ይፈታዋል ብለህ ሽማግሌ መልሰሃል አሉ» አሉት። «እስቲ እውነቱን ንገረኝ፤ ድንኳን ውስጥ የተናገረህን ቃል ዛሬ ስታስበው ቀለል ብሎሃል?»

ይርዳው አዎ ሊል አፉን ከፈተ። ነገር ግን የወንድሙ ድምፅ ጆሮው ላይ አቃጨለ፤ የተቀሰረው ጣት፣ የሰው ሁሉ ዓይን፣ በነፋስ የሚርገበገበው የድንኳኑ ሸራ ፊቱ ላይ ድቅን አለ። ከዚያን ቀን ትዝታ ምንም አልጎደለም ነበር።

«እንደገባ ነው» አለ ቀስ ብሎ።

«እንግዲያው ምኑን ተውከው ልጄ?» አሉና ነጠላቸውን አጣፍተው ወጡ።

ይህች ቃል ይርዳውን እረፍት ነሳችው። በማግሥቱ ወንዙን ተሻግሮ በቀጥታ ጓንጉል ልኳንዳ ቤት ገባ። ቤቱ በገዢ ተሞልቷል።

«ጓንጉል፣ እንታረቅ! ዛሬ ካልታረቅን አልወጣም!» አለ ጮክ ብሎ።

ጓንጉል ቢላዋውን እንደያዘ ቀጥ ብሎ ቀረ። ፊቱ ደም መሰለ። «ምነው ዛሬ ተነሣብህ? ሰው ፊት ልታዋርደኝ ነው የመጣኸው?»

«ሰው ፊት ማዋረድን ያስተማርከኝ አንተ!»

ነገሩ ከድንኳኑ ቀን የባሰ ሆነ። ገዢዎቹ በመካከል ገብተው ገላገሏቸው።

ይርዳው ወደ ቤቱ ተመለሰ። እጁን ሥራ ለማስያዝ ያህል ከፍሪዘር አንድ ትልቅ ሥጋ አወጣና እንደ ድንጋይ እንደጠነከረ ጭስ ቤት ውስጥ ሰቀለው። ዕድሜውን በሙሉ እንዲህ አድርጎ አያውቅም። ከፍሪዘር የወጣ ሥጋ መጀመሪያ ፍሪጅ ውስጥ ሆኖ በረዶው እስከ ውስጡ ቀስ ብሎ መቅለጥ፣ ከዚያም ሥጋው በጨው መታሸትና ላዩ መጥፈፍ አለበት። ከሰዓታት በኋላ ሥጋውን አውርዶ ሲቆርጠው ላዩ ከሰል መስሏል፤ መሃሉ ግን ጥሬ ነው፣ ቀዝቃዛ ውሃ ያንጠባጥባል። ሰው ሊበላው አይችልም። ይርዳው ግንድ ላይ ተቀምጦ ብዙ አሰበ። ወንድሙንም ያደረገው እንዲሁ ነበር፤ ይህን ያህል ዘመን የቀዘቀዘውን ነገር በአንድ ጊዜ እሳት ላይ ጣለው።

ሰንበት ሲሆን እንደገና ሄደ፤ ወደ ልኳንዳው ሳይሆን ወደ ጓንጉል መኖሪያ ቤት። ስለ እርቅ አላነሣም። የልጆቹን ጤንነት ጠየቀ፣ የቀረበለትን ጠላ ቀምሶ ተነሣ። ጓንጉል በጎን እያየ ሸኘው። ሌላ ጊዜም መጣ፤ ስለ ከብት ገበያው፣ ስለ ዝናቡ መዘግየት አወሩ። አንዳንዴ ብዙም ሳይነጋገሩ ተቀምጠው ይለያያሉ።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ነገሩን ያነሣው ጓንጉል ራሱ ነው።

«አባባን ለምን አልወሰድካቸውም?» አለ። ድምፁ ውስጥ ቁጣ አልነበረም።

«እምቢ አሉኝ። ከቤቴ አታውጣኝ፣ እዚሁ ልሙት ብለው እጄን ያዙ። እኔም እሺ አልኳቸው። ልክ ልሁን ልሳሳት እስከ ዛሬ አላውቅም።»

«ታዲያ ምነው ያኔ ዝም አልክ?»

«እውነትህን ቢሆንስ ብዬ ፈራሁ።»

ጓንጉል አቀረቀረ። ሲናገር ቃሉ እየተቆራረጠ ነበር። «ወንድም ጋሼ፣ አባባ ታመሙ ብለህ ስትደውልልኝ የተለመደው ሳላቸው መስሎኝ ነገ ዛሬ እያልኩ ቆየሁ። የዘገየሁት እኔ ነኝ። ያን ቀን ጣቴን ወደ አንተ የቀሰርኩት ሰው ወደ እኔ እንዳያይ ብዬ ነው።»

ሁለቱም አለቀሱ። አባታቸውን አብረው ያለቀሱት ገና ያን ቀን ነው።

የሚቀጥለው ጾም ሊገባ ሲል ሥጋውን አብረው ቆረጡ። ሁሉም ነገር እንደ ድሮው ሆነ ለማለት አይቻልም፤ አንዳንዴ አንዱ ያኮርፋል፣ በጨው መጠንም ይጨቃጨቃሉ። አሁን ግን ያኮረፈው ሳይውል ሳያድር ለምን እንዳኮረፈ ይናገራል።

ወዳጆቼ፣ ብዙዎቻችን ዝም ማለትን ይቅር እንደ ማለት የቆጠርነው ይመስለኛል። ሳንነጋገርበት ያስቀመጥነው ቅሬታ ዓመታት ስላለፉ ብቻ አይለሰልስም፤ ባስቀመጥነው ቀን እንደነበረው ሆኖ ይጠብቀናል። ለማውጣት ስንነሣም በችኮላና በሰው ፊት አይሁን። ሌላውም ልቡ እስኪመለስ ጊዜ ይፈልጋል፤ ምናልባትም እኛ ያላወቅነው የራሱ ሕመም አለበት።

እርስዎስ «ትቼዋለሁ» ብለው ያስቀመጡት ሰው ማን ነው? ዛሬ በሕይወት ካለ፣ ቤቱን ያውቁት የለም?