አናጢው የሠራው የቡችላ ቤት

ደምሰው የሚባል ጎልማሳ እናቱን ከገጠር አምጥቶ ቤቱ ካስገባ ሦስት ወር ሆኖታል። አንድ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ የኔታን እንዲህ ሲል ጠየቃቸው።

«የኔታ፣ ለእማዬ የራሷን ክፍል ሰጠኋት። አልጋው አዲስ፣ ብርድ ልብሱ አዲስ። እሷ ግን እህል አይወርድላትም። ‹ወደ አገሬ መልሰኝ› ትለኛለች፤ እዚያ ደግሞ ውሃ የሚያቀብላት እንኳ የለም። ብመልሳት ትሞትብኛለች፣ ባስቀምጣት ከስታ አለቀች። ምን አጎደልኩባት?»

የኔታም ምሳሌ መሰሉለት።

አንድ አናጢ ነበረ። ሚስቱ ከሞተች ወዲህ ብቻውን ነው የሚኖረው። ጠዋት በሩን ቆልፎ ይወጣል፣ ማታ ከፍቶ ይገባል፤ «እንዴት ዋልክ?» የሚለው የለም። ግቢው ውስጥ ያከማቸውን ጣውላ ሌባ ስለለመደበት፣ ከዘመድ ቤት ጡት የጣለ ቡችላ አመጣ።

በዚያ ሰፈር ልማድ ውሻ ቀን ይዘጋበታል፣ ማታ ይለቀቃል። ቀን ሰው ያላየ ውሻ ማታ ክፉ ይሆናል ይባላል። ስለዚህ አናጢው ለቡችላው ቤት ሠራለት። ሠራለት ስልህ፣ እንዲያው ሳንቃ አጋጥሞ እንዳይመስልህ! ጠርዙን በመላጊያ አለስልሶ፣ ጣሪያውን ቆርቆሮ አልብሶ፣ ወለሉ ላይ ገለባ ጎዝጉዞ ነው። እንኳን ውሻ ሙሽራ ቢገባበት አያፍርም። ቡችላውን አስገባና መቀርቀሪያውን ዘግቶ ሥራው ሄደ።

ቡችላው ቀኑን ሙሉ ሲጮህ ዋለ። አናጢው ማታ ሲመጣ በሩ በጥፍር ተቧጭሯል፣ ምግቡም እንዳለ ተቀምጧል። በማግስቱም እንደዚያው ሆነ። አናጢው የቤቱ ጥፋት መሰለው፤ ከእጁ ሥራ በቀር የሚመካበት አልነበረውምና ነገሩ አሳፈረው። ገለባውን ቀየረ፣ አየር እንዲገባ ትንሽ መስኮት አወጣለት፣ ከሥጋ ቤት አጥንት ለምኖ አመጣ። አጥንቱን ጉንዳን ወረረው።

ጎረቤቱ በአጥር በኩል ብቅ ብሎ «አትጠጋው ወንድሜ! ቤቱ ላይ ጆንያ ጣልበትና ጨለማውን ይልመድ። እምቢ ያለን መከራ ይምከረው» አለው። አናጢው እውነት መስሎት ጆንያ ጣለበት፤ ማታም አልከፈተለትም። በአምስተኛው ቀን ጩኸቱ ቆመ። ጎረቤቱም «አላልኩህም?» አለ።

በማግስቱ ጠዋት አናጢው ጆንያውን ገለጠ። ቡችላው ለምዶ አልነበረም ዝም ያለው። ጥግ ላይ ተኮራምቶ ዓይኑን እንኳ አላነሳም፤ የጎን አጥንቱ ይቆጠራል። ዛሬን ቢያድር ነገን አይውልም።

አናጢው ይህን ዝምታ ያውቀዋል። ሚስቱን ቀብሮ፣ ለቀስተኛው ከተበተነ በኋላ፣ ደጋግ ጎረቤቶች በየተራ ምግብ አምጥተው በሩ ላይ አስቀምጠውለት ይሄዱ ነበር። እሱም ግድግዳ ተደግፎ እንዲሁ ኩርምት ብሎ ይውላል። ምግቡ አልጎደለበትም። አብሮት የሚቀመጥ ነበር ያጣው።

የዚያን ዕለት ሥራ አልሄደም። የሥራ ጠረጴዛውን ጎትቶ ከቡችላው ቤት አጠገብ አደረገው፤ በሩንም ወለል አድርጎ ከፈተው። የለበሰውን ሹራብ አውልቆ ገለባው ላይ አነጠፈለት። ምሳው ሲደርስ በሩ አፍ ላይ መሬት ተቀመጠና ከራሱ እንጀራ ቆርሶ በመዳፉ ዘረጋ። ቡችላው ብዙ ቆይቶ ቀና አለ። ከዚያ እየተንፏቀቀ መጥቶ ከእጁ በላ።

ከዚያ ወዲያ አናጢው አልቸኮለም። ቡችላው በገዛ እግሩ ሲገባ፣ አንድ ሳንቃ ልጎ እስኪጨርስ ብቻ በሩን ይዘጋል፤ መጮህ ሳይጀምር ይከፍትለታል። በነጋታው ሁለት ሳንቃ። ከዚያ እስከ ሱቅ ደርሶ መምጣት። ወሩ ሲያልቅ፣ ቀኑን ሙሉ ሰው ቤት ሠርቶ ሲመለስ ቡችላው ሹራቡ ላይ ተኝቶ ያገኘው ጀመር። የተዘጋው በር መከፈቱ እንደማይቀር አውቋላ! አናጢውም፣ እውነቱን ልንገርህና፣ ወደ ቤቱ ሲመለስ እርምጃው ፈጥኗል።

የኔታ ምሳሌውን እዚህ ላይ ጨረሱ። ደምሰው ቅር ብሎት «እናቴን ከውሻ አነጻጸሯት እኮ» አለ።

«ኧረ ምን ቆርጦኝ! ያነጻጸርኩት አንተን ከአናጢው ነው፤ ያውም ከጆንያ ጣዩ ጋር። እስቲ ንገረኝ፣ ምግብ የት ነው የምትበላው?»

«ሳሎን፣ ከባለቤቴ ጋር።»

«እናትህስ?»

«እንዳትደክም ብለን ክፍሏ ይገባላታል።»

«ከዚያስ?»

«ከዚያማ... እንድታርፍ በሩን እንዘጋላታለን።»

ይህን እንደተናገረ ደምሰው አቀረቀረ።

«አየህ ልጄ» አሉ የኔታ፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፤ «ከፍትፍቱ ፊቱ ይባላል። አንተ ፍትፍቱን አስገብተህላት ፊትህን ይዘህባት ወጣህ። አልጋው ላይ ጥፋት አትፈልግ፤ አልጋው ደህና ነው። እሷ ዘንድ ገብተህ ከአንድ ትሪ ብሉ። ስትወጣም መቼ እንደምትመለስ ነግረሃት ውጣ፣ ባልከውም ሰዓት ተመለስ። ያኔ ክፍሉ ክፍሏ ይሆናል።»

ደምሰው ብድግ ብሎ ጉልበታቸውን ሳመ።

«ወዴት ነው? ገና ጸበል ጸዲቅ አልቀመስክም» አሉት።

«ምሳ ሳይገባላት ልድረስ፣ የኔታ።»